ሸክሙ ሲካፈል ዋጋው ለማን ነው? የአሜሪካ ፉትቦል ሯጮች ታሪክ

ጃንዋሪ 5 ቀን 2025 የፊላደልፊያው ኢግልስ የመደበኛውን ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ ሲያደርግ ዋናው ሯጩ ሴኳን ባርክሊ አልተሰለፈም። አልታመመም፣ አልተቀጣምም። በዚያ የውድድር ዘመን ኳስ ይዞ 2,005 ያርድ ሮጧል። ኤሪክ ዲከርሰን በ1984 ያስመዘገበውን የ2,105 ያርድ ክብረ ወሰን ለመስበር የቀረው 101 ያርድ ብቻ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንድ ያርድ ደግሞ ከአንድ ሜትር በጥቂቱ ያንሳል።) የዕለቱ ተጋጣሚ ከወራት በፊት የለቀቀው የቀድሞ ቡድኑ ጃያንትስ ነበር። አርባ ዓመት የቆየ ክብረ ወሰን፣ ያውም በቀድሞ ቡድን ፊት! አሰልጣኙ ኒክ ሲሪያኒ ግን እንዲያርፍ ወሰኑ።

ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃል። ባርክሊ በዚያ ዓመት 345 ጊዜ ኳስ ተቀብሎ ወደ ተከላካዮች ሮጧል። እንዲህ ያለ ሩጫ ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው ከመቶ ኪሎ በላይ በሚመዝን ሰው መሬት ላይ በመውደቅ ነው። ዋናው የጥሎ ማለፍ ውድድር ገና ከፊት ነበር። ከአንድ ወር በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን፣ ኢግልስ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስን 40 ለ 22 አሸንፎ ሱፐር ቦውልን ወሰደ። ዕለቱ የባርክሊ 28ኛ ልደት ነበር።

ከዚህ ውሳኔ ጀርባ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዘለቀ ጥያቄ አለ። አንድ ሰው ስንት ጊዜ መመታት ይችላል? ሥራው ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው ቢካፈልስ? ከተካፈለስ ትርፉ የማን ይሆናል?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል ተረቱ። እውነት ነው። ነገር ግን ተረቱ ስለ አንድ ነገር አይናገርም፤ ሎሚው የማን እንደሆነ። የእነዚህ ሯጮች ታሪክ ይህንን ጥያቄ ይመልሳል።

ሥራው ምንድን ነው?

ክብ ኳስ ለለመደ ተመልካች ጨዋታው እንግዳ ሊሆን ይችላል። ሁለት ቡድኖች 11 ለ 11 ይሰለፋሉ። ኳስ የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ አሥር ያርድ ወደፊት መሄድ አለበት። ከተሳካለት ሌላ አራት ሙከራ ያገኛል፤ ካልተሳካለት ኳሱን ያስረክባል። በእያንዳንዱ ሙከራ ኳርተርባክ የሚባለው የጨዋታው መሪ በመሠረቱ ሁለት ምርጫ አለው። ኳሱን በእጁ ወደ ፊት ይወረውራል፣ ወይም ከኋላው ለቆመው ሯጭ ያቀብላል። ያ ሯጭ ረኒንግ ባክ ይባላል።

የሯጩ ሥራ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ኳስ ይዞ መሮጥ ነው። ሁለተኛው ኳርተርባኩ የሚወረውርለትን ኳስ መቅለብ ነው። ሦስተኛው በቴሌቪዥን ብዙም የማይታየው ነው፤ ኳርተርባኩን ሊጥሉ የሚገሰግሱትን ተከላካዮች በገዛ አካሉ ማገድ። ሦስቱንም እኩል የሚችል ሰው አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው። አንድ ያርድ ብቻ ሲቀር ግድግዳ የሚያፈርስ ከባድ ሰው አለ። በዳር በኩል አፈትልኮ የሚያመልጥ ፈጣን አለ። እጁ የማይስት ቀላቢም አለ። ስለዚህ ሥራውን ማካፈል የጨዋታው ተፈጥሮ የሚጋብዘው ነገር ነው። አከፋፈሉ ግን በየዘመኑ ተለዋውጧል።

ብቻውን የተሸከመው

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተለመደው አሰላለፍ ከኳርተርባኩ ኋላ ሁለት ሰዎችን ያቆም ነበር። አንዱ ፉልባክ፣ ሌላው ሃፍባክ ይባላል። የግሪን ቤይ ፓከርስ አሰልጣኝ ቪንስ ሎምባርዲ ጂም ቴይለርንና ፖል ሆርነንግን ጎን ለጎን አሰልፈው ዋንጫ በዋንጫ ሆነዋል። ያም ሆኖ የዚያ ዘመን ትልቁ ስም ብቻውን ጎልቶ የወጣው ጂም ብራውን ነው።

ብራውን ለክሊቭላንድ ብራውንስ ከ1957 እስከ 1965 ዘጠኝ ዓመት ተጫወተ። ከዘጠኙ በስምንቱ በሩጫ የሊጉ አንደኛ ነበር። 118 ጨዋታ ተሰልፎ አንድም አላመለጠውም። በድምሩ 12,312 ያርድ ሮጠ። በወደቀ ቁጥር ቀስ ብሎ ይነሳ ነበር፤ ተጎዳም አልተጎዳም አነሳሱ አንድ ስለሆነ ተጋጣሚው መለየት አይችልም።

በ1966 ክረምት እንግሊዝ አገር ፊልም እየሠራ ሳለ ቀረጻው ዘገየ። የቡድኑ ባለቤት አርት ሞዴል ወደ ልምምድ ካልመጣህ በየቀኑ ትቀጣለህ አሉት። ብራውን ጨዋታ ማቆሙን አስታወቀ። ዕድሜው 30 ነበር፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ገና መሸለሙ ነበር። ያን ያህል ሸክም ተሸክሞ በገዛ ፈቃዱ፣ በእግሩ ቆሞ የወጣ ሯጭ ጥቂት ነው። ይህንን ማድረግ የቻለው ደግሞ ከሜዳው ውጪ ሌላ እንጀራ ስለነበረው ነው። ሌላ እንጀራ መኖሩ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

የማያሚ ሦስቱ

ሥራ ክፍፍሉ ፍሬ ያፈራበት ትልቁ ምሳሌ የ1972ቱ ማያሚ ዶልፊንስ ነው። አሰልጣኙ ዶን ሹላ ሦስት ሯጮች ነበሯቸው። ላሪ ዞንካ ከባዱ ነው፤ መሃል ለመሃል ሰብሮ ይገባል። መርኩሪ ሞሪስ ፈጣኑ ነው፤ በዳር ያመልጣል። ጂም ኪክ ሁለገቡ ነው፤ ይቀልባል፣ ያግዳል፣ ጥቂት ያርድ ሲቀር ይጠራል።

በዚያ ዓመት በ14 ጨዋታ ዞንካ 213 ጊዜ ሮጦ 1,117 ያርድ፣ ሞሪስ 190 ጊዜ ሮጦ 1,000 ያርድ፣ ኪክ ደግሞ 137 ጊዜ ሮጦ 521 ያርድ አስመዘገቡ። የአንድ ቡድን ሁለት ሯጮች በአንድ ዓመት ሺህ ያርድ ሲሞሉ በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። በአምስተኛው ጨዋታ ኳርተርባኩ ቦብ ግሪሲ እግሩ ተሰብሮ የ38 ዓመቱ ኧርል ሞራል ሲተካው ቡድኑ ያልተናጋው በእነዚህ ሦስት ሰዎች እግር ላይ ስለቆመ ነው። ጃንዋሪ 14 ቀን 1973 ዋሽንግተንን 14 ለ 7 ሲያሸንፉ ውጤታቸው 17 ጨዋታ፣ 17 ድል ሆነ። እስከ ሱፐር ቦውል ሳይሸነፍ የጨረሰ ሌላ ቡድን እስካሁን የለም።

ነገሩ ከውጭ ሲታይ ፍቅር በፍቅር ይመስላል። ከውስጥ ግን እንዲያ አልነበረም። ሞሪስ በ1972 መጀመሪያ ማያሚ በዳላስ በተሸነፈበት ሱፐር ቦውል ሯጭ ሆኖ ባለመሰለፉ ቅሬታውን ለጋዜጠኞች በግልጽ ተናግሮ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሞሪስ ብዙ ሲጫወት ደግሞ ኪክ ቅር አለው። ያም ሆኖ ኪክ በሦስቱም የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ተችዳውን አስቆጠረ፤ የሱፐር ቦውሉን ጨምሮ።

የሞሪስ 1,000 ያርድም የራሱ ታሪክ አለው። ዓመቱ ሲያልቅ መዝገቡ 991 ይል ነበር። ከቡፋሎ ጋር በተደረገ ጨዋታ ሞራል አበላሽቶ ባቀበለው ኳስ የጠፋው 9 ያርድ በሞሪስ ስም ተጽፎ ነበር። ሊጉ ፊልሙን አይቶ መዝገቡን አረመ። ዘጠኝ ያርድ ለቡድኑ ምንም አይደለም። ሯጩ ግን ዋጋው የሚተመነው በስሙ በተጻፈው ቁጥር ነው። ሥራ የሚካፈል ሰው ቁጥሩም ይካፈላል።

አብረው ተሸክመው አብረው ተደራደሩ

ማያሚ በቀጣዩ ዓመትም አሸነፈ። ሚኒሶታ ቫይኪንግስን 24 ለ 7 በረቱበት ሱፐር ቦውል ዞንካ 33 ጊዜ ሮጦ 145 ያርድ በማስመዝገብ የጨዋታው ኮከብ ተባለ። ኳርተርባኩ ግሪሲ በዚያ ቀን የወረወረው ሰባት ጊዜ ብቻ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ፣ በማርች 1974 መጨረሻ፣ ያልተጠበቀ ዜና ተሰማ። ዞንካ፣ ኪክና ኳስ ቀላቢው ፖል ዋርፊልድ አንድ ወኪል ይዘው፣ አንድ ላይ ሆነው፣ ገና ለተቋቋመው ለወርልድ ፉትቦል ሊግ ፈረሙ። ለሦስቱ የቀረበው ገንዘብ በድምሩ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በዚያን ጊዜ ለፉትቦል ተጫዋች ተሰምቶ የማይታወቅ ገንዘብ ነው። ማያሚ ያንን ሊያቀርብ አልቻለም።

አዲሱ ሊግ ግን ዕድሜ አልነበረውም። ሦስቱ በ1975 ለሜምፊስ ጥቂት ወራት እንደተጫወቱ በኦክቶበር ፈረሰ። ማያሚም ከዚያ ወዲህ ሱፐር ቦውል አሸንፎ አያውቅም። ይሁንና በዚያች አጭር ወቅት የታየው ነገር መታወስ አለበት። ሸክም የተካፈሉ ሰዎች ድርድሩንም አብረው አደረጉ። ሁለት ነገር ነበራቸው፤ እርስ በርስ መተማመንና ሌላ ገዢ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ሸክም መካፈል ዋጋ አላሳነሰም።

ክፍፍል ሁሉን አያድንም

ከማያሚ ቀጥሎ ሁለት ሺህ ያሉት ሯጮችን ያፈራው የ1976ቱ ፒትስበርግ ስቲለርስ ነው። ፍራንኮ ሃሪስ 1,128፣ ሮኪ ብላየር 1,036 ያርድ ሮጡ። ብላየር በኦገስት 1969 በቬትናም ጦርነት ጭኑን በጥይት፣ እግሩን በቦምብ ፍንጣሪ ተመትቶ ነበር። ተመልሶ መጫወቱ ራሱ ተአምር የተባለለት ሰው ነው። ዋና ሥራው ለሃሪስ መንገድ መጥረግ ነበር።

ቡድኑ ዓመቱን በአንድ ድልና በአራት ሽንፈት ጀምሮ የቀሩትን ዘጠኝ ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። በጥሎ ማለፉም ባልቲሞርን 40 ለ 14 ረታ። ግን በዚያው ጨዋታ ሃሪስም ብላየርም ተጎዱ። በሳምንቱ ለሱፐር ቦውል ለመድረስ ከኦክላንድ ጋር ሲጫወቱ ሁለቱም ዳር ቆመው አዩ። ቡድናቸው 24 ለ 7 ተሸነፈ። ሥራን ለሁለት ማካፈል አካልን ሊያቆይ ይችላል፤ ዋስትና ግን አይደለም።

ሁለት ቦታ አንድ ሲሆን

በ1978 ሊጉ ሁለት ነገር አደረገ። የመደበኛው ውድድር ከ14 ወደ 16 ጨዋታ አደገ። ሕጉም ኳስ ለሚወረውሩ ቡድኖች እንዲያደላ ሆኖ ተሻሻለ። ከዚያ በኋላ ኳስ መወርወር እየበዛ፣ ተጨማሪ ቀላቢ እየተፈለገ ሄደ። ያ ቀላቢ ቦታ የሚያገኘው ደግሞ ከሁለቱ ሯጮች አንዱ ሲነሳ ነው።

ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ አሰልጣኙ ጆ ጊብስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ሯጭ ብቻ የሚያቆም አሰላለፍ አስለመዱ። ጃንዋሪ 30 ቀን 1983 በሱፐር ቦውል የ33 ዓመቱ ጆን ሪጊንስ 38 ጊዜ ሮጦ 166 ያርድ አስመዘገበ። ዋሽንግተን 27 ለ 17 አሸነፈች። የተሸነፈው ቡድን በሦስት ሯጭ የታወቁት የዶን ሹላ ማያሚ ነበር።

ይህ ለውጥ ትንሽ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። ዞንካና ሞሪስ ሥራ ሲካፈሉ ሁለት ቦታ ነበር፤ አንድ ላይ ሜዳ ውስጥ ይቆማሉ። ከዚህ በኋላ ቦታው አንድ ሆነ። ሁለት ሯጭ ያለው ቡድን አንዱን ሲያስገባ ሌላውን ያስወጣል። ጓደኛ የነበረው ተፎካካሪ ሆነ።

የማይተካው ሰው

ለተወሰነ ጊዜ ግን ይህ ለአንዳንዶች ጠቀመ። ቦታው አንድ ከሆነ በዚያ ቦታ ላይ የቆመው ሰው ንጉሥ ነው። የዳላስ ካውቦይስ ሯጭ ኤሚት ስሚዝ በ1993 መጀመሪያ ውል አልፈርምም ብሎ ቤቱ ተቀመጠ። ቡድኑ የቀደመው ዓመት ሻምፒዮን ነበር። ያለ እሱ ሁለት ጨዋታ አደረገ፤ ሁለቱንም ተሸነፈ። ከዚያ የአራት ዓመት የ13.6 ሚሊዮን ዶላር ውል ቀረበለት። ተመለሰ፣ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ፣ ቡድኑም ሱፐር ቦውልን ደገመ። ስሚዝ ጨዋታ ሲያቆም የሮጠው 18,355 ያርድ ነበር፤ እስካሁን ያልተደፈረ ክብረ ወሰን።

ነገር ግን ሁሉም አካል የስሚዝ አካል አይደለም። በ1998 የአትላንታው ጀማል አንደርሰን 410 ጊዜ፣ የዴንቨሩ ቴረል ዴቪስ 392 ጊዜ ሮጡ። ሁለቱ ቡድኖች ሱፐር ቦውል ላይ ተገናኙ። በቀጣዩ ዓመት አንደርሰን በሁለተኛው፣ ዴቪስ በአራተኛው ጨዋታ ጉልበታቸው ተጎዳ። በ2006 የካንሳስ ሲቲው ላሪ ጆንሰን 416 ጊዜ ሮጠ፤ ከዚያ በላይ በአንድ ዓመት የሮጠ የለም። በቀጣዩ ዓመት እግሩ ተጎድቶ ግማሹን ውድድር አጣ።

ከዚህ በመነሳት «በዓመት ከ370 ጊዜ በላይ የሮጠ በሚቀጥለው ዓመት ይወድቃል» የሚል ደንብ መሰል አባባል ተስፋፋ። አባባሉን የሚተቹም አሉ። አንድ ሰው ያን ያህል የሚሮጠው ዓመቱን ሙሉ ጤና ሲያገኝ ነው፤ ቀጣዩ ዓመት ከዚያ ቢያንስ አይደንቅም ይላሉ። ዴቪስም የተጎዳው ኳስ ይዞ ሲሮጥ ሳይሆን ኳሱ ከተጠለፈ በኋላ ተጋጣሚን ለመጣል ሲሞክር ነበር። ክርክሩ አልተቋጨም። የቡድን ባለቤቶችና አሰልጣኞች ግን መቋጫውን አልጠበቁም።

ዴንቨር ያስተማረችው

ዴንቨር በ1995 ዴቪስን የመረጠችው በስድስተኛው ዙር፣ በ196ኛ ተራ ነበር። በ1998 2,008 ያርድ ሮጠ። ተጎድቶ ሲወጣ በ1999 በአራተኛው ዙር የተመረጠው ኦላንዲስ ጌሪ 1,159 ያርድ ሮጠ። በ2000 ደግሞ በስድስተኛው ዙር የተመረጠው ማይክ አንደርሰን 1,487 ያርድ ሮጠ። ሁለቱም ጀማሪዎች፣ ሁለቱም ርካሾች ነበሩ።

ሌሎች ቡድኖች ከዚህ የወሰዱት ትምህርት አንድ ነው። መንገድ የሚጠርጉት ግዙፎቹ አጋጆችና የአሰልጣኙ ስልት ጥሩ ከሆኑ ሯጩ ማንም ሊሆን ይችላል። ትምህርቱ ከፊል እውነት አለው፤ ዴቪስ ግን በ78 ጨዋታ ብቻ የክብር አዳራሽ የገባው «ማንም» ስለነበር አይደለም።

በዚህ ላይ ገንዘቡ ተጨመረ። ከ1994 ጀምሮ ሊጉ ለእያንዳንዱ ቡድን የደመወዝ ጣሪያ አበጀ፤ የመጀመሪያው 34.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ጣሪያ ካለ ለአንዱ የተጨመረው ከሌላው የተቀነሰ ነው። በ2011 በተደረገው የሥራ ስምምነት ደግሞ የጀማሪዎች ደመወዝ በሠንጠረዥ ተወሰነ። አዲስ ተመራጭ በአራት ዓመት ውል ይታሰራል። ኳርተርባክ አራት ዓመት ቢጠብቅ ከፊቱ አሥር ዓመት ሊኖረው ይችላል። ለሯጭ ግን እነዚያ አራት ዓመታት ብዙውን ጊዜ የጉልበቱ ዓመታት ናቸው። ርካሽ በሆነበት ጊዜ ይሮጣል፤ ዋጋ በሚጠይቅበት ጊዜ «ደክሟል» ይባላል። በ2013 በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ የመጀመሪያ ዙር አንድም ሯጭ አልተመረጠም። ከ1963 ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም ነበር። በ2014ም ተደገመ።

በኮሚቴ መሮጥ

አሜሪካኖች ይህንን አሠራር «ሯጭ በኮሚቴ» ይሉታል። ለአማርኛ አንባቢ ኮሚቴ ሲባል ስብሰባና ቃለ ጉባኤ ትዝ ቢለውም የዚህኛው ኮሚቴ ሥራ ግን ላብ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ቁራጭ ሥራ ይሰጠዋል፤ ቁራጩን ሲጨርስ ይወጣል።

የዚህ ጥበብ ጌቶች የቢል ቤሊቼክ ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ነበሩ። በ2016 የውድድር ዘመን ከባዱ ሯጫቸው ለጋሬት ብላውንት 1,161 ያርድ ሮጦ 18 ተችዳውን አስቆጠረ። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2017 በሱፐር ቦውል አትላንታ 28 ለ 3 ስትመራቸው ግን የሚያስፈልገው ሌላ ሰው ነበር። ጄምስ ኋይት 14 ጊዜ ቀልቦ 110 ያርድ አመጣ፣ ሦስት ተችዳውን አስቆጠረ፤ በተጨማሪው ሰዓት ያሸነፉበትን ጨምሮ። 34 ለ 28። ኳርተርባኩ ቶም ብሬዲ ለእሱ የተሰጠው የጨዋታው ኮከብ ሽልማት ለኋይት ይገባ እንደነበር ተናግሯል። ብላውንትስ? 18 ተችዳውን ካስቆጠረበት ዓመት በኋላ ያገኘው ከፊላደልፊያ ጋር የአንድ ዓመት ውል ነው። እዚያም ሄዶ በቀጣዩ ሱፐር ቦውል ፓትሪየትስን አሸነፈ።

ለአሰልጣኝ ይህ ውብ ነው። ለየሁኔታው ሰው አለው፤ ማንም ቢጎዳ አይደነግጥም። ለሯጩ ግን ያው ውበት ሌላ ትርጉም አለው። ማንም ቢቀር አይደነገጥም ማለት እሱም ቢቀር አይደነገጥም ማለት ነው።

ሁለት አድማዎች

ይህንን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የሁለት ሰዎች ዕጣ ነው። ኤሚት ስሚዝ በ1993 ሁለት ጨዋታ ቀረ፤ ቡድኑ ተንበረከከ። የፒትስበርጉ ላቪየን ቤል በ2018 ዓመቱን ሙሉ ቀረ። በሯጭነትም በቀላቢነትም የሊጉ ምርጥ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ቡድኑ «ፍራንቻይዝ ታግ» በተባለው ደንብ ሊያቆየው ፈለገ። ደንቡ ቡድኑ ውሉ ያለቀን ተጫዋች በተወሰነ ክፍያ ለአንድ ዓመት እንዳይለቅ የሚይዝበት ነው። ቤል ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነውን ክፍያ ትቶ የብዙ ዓመት ዋስትና ጠየቀ።

በእሱ ቦታ ጄምስ ኮነር ገባ። በ13 ጨዋታ 973 ያርድ ሮጦ 12 ተችዳውን አስቆጠረ። ቡድኑ ከጥሎ ማለፉ ውጪ ቢሆንም በሯጭ እጦት ነው ያለ አልነበረም። ቤል በ2019 ከኒውዮርክ ጄትስ ጋር ፈረመ፤ በኦክቶበር 2020 ተሰናበተ። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ አድማው አንድ ሆኖ ሳለ መልሱ ተገላበጠ። የተለወጠው የሰዎቹ ችሎታ አይደለም። የሥራው አደረጃጀት ነው።

ጁላይ 2023 ላይ ሌላ ነገር ተሞከረ። ኦስቲን ኤክለር በጠራው የቪዲዮ ስብሰባ ባርክሊ፣ ኒክ ቸብ፣ ክርስቲያን ማካፍሪ፣ ዴሪክ ሄንሪና ሌሎች ሯጮች ተገናኝተው ስለ ክፍያቸው ተነጋገሩ። በዚያ ዓመት የፍራንቻይዝ ታግ ክፍያ ለኳርተርባክ ከ32 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን ለሯጭ 10.091 ሚሊዮን ነበር፤ ከሯጭ በታች የነበሩት ኳስ በእግር የሚመቱት ብቻ ናቸው። ተነጋገሩ እንጂ ምንም የጋራ ውሳኔ አልተገኘም። በ1974 ዞንካና ኪክ የነበራቸው ሌላ ገዢ ለእነዚህ አልነበራቸውም። የሠራተኛ ማኅበሩ የሁሉም ተጫዋች ስለሆነ ለአንድ የሥራ መደብ ብቻ ሊቆም ይቸገራል። እርስ በርሳቸውም ቢሆን የአንዱ ዕረፍት የሌላው የሥራ ዕድል ነው።

ደህና የተካፈለ ሸክም

ክፍፍል ሁልጊዜ ድህነት ነው ማለት አይደለም። ዲትሮይት ላየንስ በ2023 ዴቪድ ሞንትገመሪን በሦስት ዓመት የ18 ሚሊዮን ዶላር ውል አመጣ፣ ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ጃሚር ጊብስን በመጀመሪያው ዙር በ12ኛ ተራ መረጠ። ሞንትገመሪ 1,015፣ ጊብስ 945 ያርድ ሮጡ፤ ሁለቱም ከአሥር ያላነሰ ተችዳውን በሩጫ አስቆጠሩ። በኦክቶበር 2024 ቡድኑ የሞንትገመሪን ውል በሁለት ዓመት አራዘመለት። በዲሴምበር ሞንትገመሪ ጉልበቱ ሲጎዳ ጊብስ ብቻውን ተሸከመ፤ በመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ በሚኒሶታ ላይ አራት ተችዳውን አስቆጠረ። ያረፈ ሰው ስለነበር አቅም ነበረው። እዚህ ቡድኑ ሸክሙን ሲያካፍል ክፍያውንም አካፍሏል። ያ ግን የክለቡ ምርጫ እንጂ የሯጮቹ መብት አይደለም።

በዚያው 2024 «ያረጀ ሯጭ» የሚለውን ወሬ ያፈረሱ ሁለት ሰዎችም ነበሩ። የ30 ዓመቱ ሄንሪ ለባልቲሞር 1,921 ያርድ ሮጠ። ባርክሊ ደግሞ ጥሎ ማለፉን ጨምሮ 2,504 ያርድ በመሮጥ ቴረል ዴቪስ በ1998 ያስመዘገበውን ድምር በለጠ። በማርች 2025 የሁለት ዓመት የ41.2 ሚሊዮን ዶላር ማራዘሚያ አገኘ፤ ለሯጭ በዓመት በአማካይ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሲከፈል የመጀመሪያው ነው።

ብዙዎች ይህንን የሯጮች ትንሣኤ ብለውታል። ፍርዱ የተጣደፈ ነው። ሁለት ሰዎች ያገኙት ዋጋ የአንድን የሥራ መደብ ዕጣ አይቀይርም። የባርክሊ ታሪክ የሚያሳየው ቡድኖቹ ተሳስተው እንደነበር ነው። የሚያርፈው መቼ እንደሆነ፣ የሚሮጠው ስንት ጊዜ እንደሆነ የሚወስነው ግን ዛሬም ሌላ ሰው ነው።

ሎሚው የማን ነው?

ስለዚህ ጥያቄው «አንድ ሯጭ ይሻላል ወይስ ሦስት?» የሚለው አይደለም። ለአካል ሲባል መካፈል ይሻላል፤ ከላሪ ጆንሰን 416 ሩጫ ይልቅ የዲትሮይቶቹ አሠራር የሰው ልጅ ሥራ ይመስላል። ስህተቱ ያለው የተረፈው ጉልበት ትርፍ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲፈስ ነው። አንድ ሰው 200 ጊዜ ብቻ በመሮጡ ሁለት ዓመት ቢጨመርለት ያ የዳነ ዕድሜ የራሱ መሆን ነበረበት። አሁን ባለው ሥርዓት ግን የዳነው ዕድሜ ለርካሹ ውል ዘመን ይውላል፤ የተካፈለው ቁጥር ደግሞ በድርድር ጊዜ «ብዙ አልሠራህም» ለማለት ማስረጃ ይሆናል።

መፍትሔው ሥራውን መልሶ በአንድ ሰው ጀርባ ላይ መጫን አይደለም። የጀማሪ ውል ለዚህ የሥራ መደብ ቢያጥር፣ ክፍያም በያርድ ብቻ ሳይሆን በማገድ፣ በመቅለብና በመመታት ብዛት ቢለካ ብዙ ይቀየራል። ይህ የሚደረገው በሥራ ስምምነት ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ሯጮች ጥቂት ድምፅ ናቸው።

ከስታዲየም ውጪም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። አንድ ሙሉ ሥራ ወደ ትንንሽ ቁራጮች ሲከፋፈል ለሠራተኛው ድካሙ ይቀንስለታል፤ አብሮ ግን የመተካት ቀላልነቱ ይጨምራል። ሃምሳ ሰው አንዳንድ ሎሚ ሲይዝ ጌጥ የሚሆነው ሎሚው የያዡ ሲሆን ነው። የባለቤቱ ሆኖ ከቀረ ግን ሃምሳ ቀላል ሸክም ይሆናል እንጂ ጌጥ አይሆንም።